ካሴቱ ያለቀበት ቦታ

ልጅ እያለሁ ዘፈን የሚያልቀው ዘፋኙ ሲጨርስ ሳይሆን ካሴቱ ሲያልቅ ይመስለኝ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ስልኬ ላይ የማያባራው ክርክር ነው። አባቴ በእኔ ስልክ እንድገባለት የለመነኝ አንድ የቴሌግራም ቡድን አለ፤ የአንድ አሮጌ የሮክ ባንድ አድናቂዎች የተሰባሰቡበት። ባንዱ በቅርቡ ውጭ አገር ኮንሰርት አቅርቦ ነበርና፣ ያኛው ዘፈን ለምን ቀደመ፣ ይኼኛው ለምን ቀረ፣ መዝጊያው ለምን እሱ ሆነ እያሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይነታረካሉ። እኔ የምሠራው ከነቀምት ራቅ ብላ ባለችው አኖ ከተማ ነው። ደክሞኝ ቤት ስገባና ኔትወርክ ሲመለስ የቀኑ ንትርክ ሁሉ ተከማችቶ በአንድ ጊዜ ይወርድብኛል። ቡድኑ ውስጥ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ማንበብ ብቻ፣ እሱም እየሰለቸኝ።

ባደግሁባት ነቀምት ውስጥ ባንዱን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ሽማግሌዎቹ» ነበር የሚባሉት። ጋሽ ሽኩር ሙዚቃ ቤት ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፎቶ እንኳ፣ ያኔ ገና እኔ ልጅ ሆኜ፣ ግማሾቹ ሸብተው ነበር። ጊታሩን እንደ ተቆጣ ሰው ያስጮኹታል፤ ድምፁን ያልለመዱ ጎረቤቶች ማጫወቻው የተበላሸ ይመስላቸው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አባዬ እጄን ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ይወስደኛል። ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ስለነበር ውስጡ የናፍጣ፣ የጋለ አምፕሊፋየርና በራፉ ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ አይለየውም። ዓይን አፋር ስለነበርኩ ከባንኮኒው ጎን በተደፋ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ የላላ ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ አዋቂዎቹን እሰማለሁ።

ቋሚዎቹ ሦስት ነበሩ። ባለቤቱ ጋሽ ሽኩር ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው የከተመ፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስታርቅ ሰው ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ቤተሰቦቹ አንገር ጉቲን ነው ያሳደጉት። ሦስተኛው የአርጆ መስመር ሹፌሩ ኦቦ ፉፋ ነው። ኦቦ ፉፋ ከሁሉም የሚለይበት ነገር ነበረው፤ የባንዱ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ የሆነው ገመቹ ታናሽ ወንድሙ ነው። ገመቹ እኔ ከመወለዴ በፊት ከባንዱ ጋር ወደ ውጭ አገር እንደወጣ አልተመለሰም።

የገመቹ ትልቁ ሥራ «የድልድዩ ዘፈን» ነበር። ስለ ዲዴሳ ድልድይ ነው። ወንዙን ይጠራል፣ ገበያውን ይጠራል፣ ማንጎ ሻጮቹን፣ የክረምቱን ጭቃ፣ ሌላው ቀርቶ የጎረቤታቸውን አህያ እንኳ ይጠራል። ከዚያ ጊታሩ ከፍ፣ ከፍ እያለ ይሄድና በድንገት ቀጥ ይላል። አለቀ። ወለጋ ውስጥ ይህን ድንገተኛ አጨራረስ የማያውቅ አልነበረም። ሠርግ ላይ ጨፋሪው ሁሉ እዚያች ቦታ ሲደርስ እንደቆመ ይደርቅና አንድ ጊዜ ብቻ ያጨበጭባል። እኛ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዘፈኑን በአፋችን እያንጎራጎርን እንሮጥና እዚያ ስንደርስ አንድ እግራችንን አንሥተን እንቆማለን፤ የተንገዳገደ ይወጣል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። ጋሽ ሽኩር ዋናውን ካሴት በጊዜው ከአንድ የሩቅ መስመር ሹፌር ተውሶ፣ በእጁ በነበረው ባለ ስልሳ ደቂቃ ባዶ ካሴት ላይ ቀድቶ መልሶታል። የድልድዩ ዘፈን የአንደኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበርና ክሩ መሃል ላይ አለቀበት። አርጆ፣ ጊምቢ፣ አኖ፣ አንገር ጉቲን የሚሰማው ሁሉ ከዚያች ካሴት የተቀዳ ነው። ሬዲዮውም ቢሆን ከዚያ አያልፍም፤ ዜና ደርሶበት ይቋረጣል። አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ «ዘፈኑ እኮ ይቀጥላል» የሚል ሰው አልጠፋም። ጋሽ ሽኩር ግን «እሱ ሌላ ቅጂ ነው፣ የእኛ ይሻላል» ይልና ይዘጋዋል። እሱም ከልቡ ያምንበት ነበር።

ይህ ማንንም ባልጎዳ ነበር፤ የገመቹ እናት አዴ ጫልቱ የእኛ ጎረቤት ባይሆኑ ኖሮ። እኛ አገር ዘፋኝ ስለ አገሩ ሲዘፍን እናቱን ሳይጠራ አይጨርስም። ገመቹ ግን ሁሉን ጠርቶ እሳቸውን ዘሏል። ሴቶቹ ውኃ ወረፋ ላይ ይነካኳቸዋል፦ «አዴ ጫልቱ፣ ያ ልጅሽ አህያዋን ጠርቶ አንቺን ረሳሽ?» እሳቸውም ይስቃሉ። «አህያዋማ ውኃ ታመላልስለት ነበር፤ እኔ ምን ሠራሁለት?» ይላሉ። ስቀው ሲያበቁ ግን ጀሪካናቸውን አንሥተው ወረፋቸው ሳይደርስ የሚሄዱበት ቀን ነበር። እናቴ ይህን እያየች ከንፈሯን ትመጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ክረምት ሽማግሌዎቹ ውጭ አገር ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ ነው የሚል ወሬ ነቀምት ደረሰ። ሙዚቃ ቤቱ ተቀጣጠለ። ማንም ሊሄድ አይችል፣ ማንም ፓስፖርት የለው፤ ግን የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚወስኑት እነሱ ነበሩ የሚመስለው።

«መክፈቻው የድልድዩ ዘፈን ነው» ይላል ጋሽ ሽኩር። «ሰው አገር የሚገባው በድልድይ አይደለም እንዴ?»

«የሚወጣውም በድልድይ ነው» ይላል አባዬ። «መዝጊያ ነው፤ አስለቅሰው ነው የሚሸኙት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ! ይህን ባንድ ከእናንተ በፊት ነው የማውቀው።»

«ከየት አወቅኸው አንተ? አንገር ጉቲን ላይ ጦጣ ስታባርር?»

ኦቦ ፉፋ ብቻ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበር የሚናገረው። «ይቅር።»

«ምኑ ነው የሚቀረው?»

«ዘፈኑ ይቅር። ሌላ ዘፈን ጠፍቶ ነው ለፈረንጅ ስለ አህያ የሚዘፍኑት?»

ይስቁበታል። እኔ ግን ከሳጥኔ ላይ ሆኜ ፊቱን አያለሁ። ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ቤት ሲገባ የእናቱን ዓይን የሚያየው እሱ ነው። ወንድሙ በሰው አገር፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እናቱን እንዲዘል አልፈለገም።

ኮንሰርቱ አልፎ ወራት ከቆየ በኋላ ከዚያ አገር ለለቅሶ የመጣ ሰው ቅጂውን በካሴት ይዞ መጣ። ቅዳሜ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሁሉም ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ቆሙ። መክፈቻው ሌላ ዘፈን ሆነ። አባዬ ጋሽ ሽኩርን በክርኑ ጎሰመው። ቀጥሎም ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ። የድልድዩ ዘፈን ማንም ያልገመተው ቦታ፣ መሃል ላይ፣ ሹልክ ብሎ መጣ።

«ሁለታችሁም ወደቃችሁ» አለ ኦቦ ፉፋ፤ ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም።

ወንዙ ተጠራ፣ ገበያው ተጠራ፣ አህያዋም ተጠራች። ጊታሩ ከፍ፣ ከፍ አለና ያችው ቦታ ደረሰ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ አንድ ጊዜ አጨበጨብን። የጋሽ ሽኩርም ጣት እንደ ልማዷ ማጥፊያውን ተጫነች።

«ምን ሆነሃል አንተ! እየዘፈነ ነው እኮ!» አለ አባዬ።

«አልቋላ!»

«አላለቀም! ክፈተው!»

ከፈተው። ጊታሩ ብቻውን ነበር፤ ቁጣው በርዶለት፣ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ። ከዚያ የገመቹ ድምፅ «ሀርሜ» አለ። እናቴ ማለቱ ነው፤ ከተማችን ውስጥ ይህን ለመረዳት ኦሮምኛ ማወቅ አያሻም። «ሀርሜ ኮ፣ ጫልቱ» አለ። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ አብሮት «ጫልቱ!» ብሎ መለሰ። አንድ ሰው አልነበረም፤ የሕዝብ ድምፅ ነው። አንዳንዱ በተኮላተፈ አፍ። የዚያን ቀን ገና የሰሙት አልነበረም፤ ከድሮም ያውቁታል፣ ተራቸውን ጠብቀው ነው የመለሱት። ባሕር ማዶ ያለ ሰው የአዴ ጫልቱን ስም በዜማ ሲያውቀው፣ እኛ በአንድ አጥር የምንኖረው አናውቅም ነበር።

ኦቦ ፉፋ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ጨመደደው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ሌንሴ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሀርሜን ጥሪልኝ። ሩጪ» አለኝ።

በጭቃው ላይ ሮጥኩ። አዴ ጫልቱ ከበረንዳቸው ሥር ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። «ይፈልጉዎታል» አልኳቸው።

«ማነው የሚፈልገኝ?»

እግሬን አየሁ።

«ሰው ሞተ?»

«አልሞተም» አልኩ። ያን ያህል ብቻ ነበር የቻልኩት። በቆሎው ከጭናቸው ላይ ተበተነ፤ ላስቲክ ተከናንበው፣ አንድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ መጡ።

በጋሽ ሽኩር ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ካሴቱን መልሰው አጫወቱላቸው። ያችው ቦታ ስትደርስ ማንም አላጨበጨበም። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም።

«ድምፁ ደክሟል» አሉ። «የሚያበላው ሰው ይኖር ይሆን?»

መሬት መሬት እያዩ፦ «በስልክ ‹ዘፈኑን ሰማሽው ወይ?› ይለኛል። ‹ሰማሁ› እለዋለሁ። እሱም ዝም ይላል፣ እኔም ዝም እላለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት» አሉ።

ጋሽ ሽኩርን ላብ አጠመቀው። «አዴ ጫልቱ፣ ካሴቱ እኮ ነው... ባለ ስልሳ ነበር... ባለ ዘጠናው ያኔ ጠፍቶ...»

«ተወው ሽኩሬ» አሉት። «አንተማ ክርህ በደረሰልህ ልክ ቀዳህ።»

ቀጥሎ ገመቹ ሲደውል ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እናቴ «ዛሬስ ብዙ አወሩ» ማለቷን ብቻ አስታውሳለሁ። ጋሽ ሽኩር ደግሞ በራፉ ላይ «ሙሉው የድልድዩ ዘፈን በነፃ ይቀዳል» ብሎ ለጠፈ። የመጣው ሰው ጥቂት ነው። ከመጡትም ውስጥ «ታዲያ አሁን የቱ ጋ ነው የምናጨበጭበው?» ብለው ካሴቱን የመለሱለት ነበሩ። ሠርጉም፣ የልጆቹ ጨዋታም እዚያችው የድሮዋ ቦታ መቆሙን ቀጠለ። ሰው የለመደው ነገር ጎደሎ መሆኑን ቢነግሩትም ጎደሎውን ይወደዋል፤ ይህ ያኔ አልገባኝም ነበር።

አሁን የጋሽ ሽኩር ቤት የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። እሱ ወደ አገሩ ተመልሷል። ኦቦ ፉፋ መንዳት ትቷል፤ መንገዱም ቢሆን አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። አዴ ጫልቱ ካረፉ ቆዩ። ያኔ አንድ ካሴት ለመስማት አንድ ቤት ውስጥ ተጠጋግተን እንቆም ነበር፤ ስንሰዳደብ እንኳ የአንዳችን ትንፋሽ ለሌላው ይደርሰዋል። ዛሬ ሁሉም ዘፈኑን በየኪሱ ይዞ፣ ፊቱን ከማያየው ሰው ጋር ይጣላል።

ባለፈው ዓርብ መንገዱ ተከፍቶ ነቀምት ገባሁ። ለአባዬ የሰሞኑን ኮንሰርት ቪዲዮ አውርጄለት ነበር። ጆሮው ደክሟል፤ ስልኩን ጉንጩ ላይ አስደግፌለት ተቀመጥን። የድልድዩ ዘፈን ዘንድሮም መሃል ላይ ነው። ጊታሩ ከፍ፣ ከፍ ብሎ ያችው ቦታ ሲደርስ አባዬ ዓይኑን እንደጨፈነ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ዘፈኑ ቀጠለ። የገመቹ ድምፅ አሁን ክር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። «ሀርሜ» አለ። ከአዳራሹ የመለሱለት ጥቂት ናቸው።

«ሰዎቹ ምን ይላሉ?» አለኝ አባዬ፤ ቡድኑን ማለቱ ነው።

አነበብኩለት። የኛው አገር ልጆች ናቸው መሰለኝ፣ አጨራረሱን እንደዚያ የሚያውቁት። አንዱ «መጨረሻው ይቆረጥ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ሽማግሌው ያረዝመዋል» ይላል። ሌላው «እናቱ ሞታለች አሉ፤ ምን ያደርግለታል አሁን ቢጠራት?» ይላል። ከሥሩ ብዙ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል።

አባዬ የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ይጥራት» አለ በመጨረሻ። «ምን ቸገራቸው?»

ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት። ቡድኑ ውስጥ የጻፍኩት የመጀመሪያው መልእክት ነው። ላክሁት፤ ኔትወርኩ ግን ሄዶ ነበርና ያቺ ‹ገና አልተላከም› የምትል ትንሽ የሰዓት ምልክት አጠገቡ ቆማ ቀረች። ቪዲዮው አለቀ። አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ፤ የካሴት ክዳን የሚፈልግ ይመስል ጠርዙን ዳሰሰው።

«በይ ገልብጪው» አለኝ።

ስልክ ሁለተኛ ገጽ እንደሌለው ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከእጁ ተቀብዬ ገለበጥኩት፣ መልሼ ገለበጥኩት፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።