የጀርባዬ ቀይ ክር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለስፖርት የምትለብሰው ነገር ስትፈልግ ከአልጋ ሥር የአሮጌ ልብሶቼን ሻንጣ ጎትታ አወጣች። እርጥበት እርጥበት የሚሸት አንድ ነጭ ካናቴራ ሰጠችኝና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። ጀርባው ላይ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ድረስ የመርፌ ቀዳዳዎች ቀጥ ብለው ወርደዋል። “ብል በልቶታል እኮ” አለች። ብል አልበላውም፤ የእኔ እጅ ሥራ ነው።

አባቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ ጀርባው ጎብጦ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ያኔ ከሩጫ በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን አሰልጣኛችን ሱሪ ሊያሳጥር መጣና ስለ እኔ አነሳ። “ልጅዎ እግር አላት። ሲደክማት ግን ከወገቧ ትታጠፋለች፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይወጣል። እንደዚያ ሆና ትንፋሽ ከየት ታመጣለች?” አባቴ የሱሪውን ጫፍ በጠመኔ እያሰመረ ሰማው።

በማግስቱ ካናቴራዬን ሲሰጠኝ ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀይ ክር በመኪና መትቶበታል። “ሰውነትም እንደ ጨርቅ ነው፤ አንዱ ጋ ሲሸበሸብ ሌላው ጋ ያጥራል። ክሩ ሲጣመም እነግርሻለሁ” አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ የልደታ ቅዳሴ ከሩቅ እየተሰማ፣ አብሮኝ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር። ሣሩ በጤዛ ርሶ ይሸታል። እኔ ስዞር እሱ ዓይኑን ጀርባዬ ላይ ተክሎ ይቆማል። “አታቀርቅሪ፣ ፊት ፊትሽን እይ።” “ትከሻሽን ልቀቂው።” “ወገብሽ፣ ወገብሽ።” እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሠራልኝ። ትንፋሼ ሆዴ ድረስ ይገባ ጀመር፣ እግሬ መሬት ሲነካ ድምፁ ቀለለ። አሰልጣኙም “አሁን ሯጭ መሰልሽ” አለኝ።

አብረውኝ የሚሮጡት ሴቶች ግን ክሩን አይተው አላለፉኝም። “አባትሽ ዘምዝመው ነው የላኩሽ?” ይሉኛል። አንድ ቀን ጓደኛዬ አባቴን በአገጯ እያመለከተች “ራሳቸው ጎብጠው አንቺን ቀና በይ ይላሉ” አለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰምቶኝ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ አሁን ካረፈ በኋላ ደግሞ ማንን እጠይቃለሁ?

ለክለብ ሦስት ልጆች የሚመረጡበት ቀን ደረሰ። በዋዜማው ከመሳቢያው ምላጭ ወስጄ ክሩን ተረተርኩት። “አባዬ፣ ነገ አትምጣ። አንተ ስታየኝ እጨነቃለሁ” አልኩት። መኪናውን ዘይት እየቀባ “እሺ፣ የኔ ልጅ” አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግስቱ ሰማዩ ዳምኖ ያካፋ ነበር። ሁለት ዙር እስኪቀረን ድረስ ሦስተኛ ነበርኩ። ከዚያ ድካሙ መጣ። ወገቤ ሲታጠፍ፣ ትከሻዬ ወደ ላይ ሲሰበሰብ ይሰማኛል፤ ጆሮዬ የሚያውቀውን ድምፅ ይጠብቃል። ማንም ምንም አላለኝም። መጨረሻው ላይ አንዷ አለፈችኝና አራተኛ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ተወዳድሬ አላውቅም።

ከሜዳው ስወጣ አባቴን ከአጥሩ ውጪ አገኘሁት። ኮቱ በካፊያው ርሷል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ ቆሞ ኖሯል።

“ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?” አልኩት እያለቀስኩ።

ኮቱን አውልቆ ደረበልኝ። ጀርባዬን ሲሸፍነው እጁ ክሩ የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆየ።

“ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ እየገባች ክሩን ማየት አቃተኝ” አለኝ።

እኔ ነኝ የተረተርኩት ልለው አፌን ከፈትኩ። ካፊያው ፊታችን ላይ እየወረደ “አዎ፣ ፀሐይዋ ከባድ ነበረች” አልኩት።