የማንጠግቦሽ ሰንበሌጥ

በሰፈራችን በቁሐር ሚካኤል ቤትህ ሲቃጠል የሚደርስልህ እድሩ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የነበረን ደንብ ቀላል ነበር፤ በየዓመቱ ኅዳር ላይ እያንዳንዱ አባል አንድ ሸክም ሰንበሌጥ ለዳኛው ያስረክባል፤ ቤቱ የነደደበት ሰው ከዚያ ክምር ይከደንለታል። ከእድሩ የሚባረር ሰው ካለ ሣሩን ከመረከብ በፊት ይነገረዋል። ከተረከቡት በኋላ ግን እስከሚቀጥለው ኅዳር ማንም አያስወጣውም።

ማንጠግቦሽ ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ድስቷን የምትተኩሰው እጎጆዋ ደጃፍ ላይ ነው። ዳኛችን አያ አለምነህ ያንን ጭስ ባዩ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ የነደደ ይመስላቸዋል። እውነት ለመናገር ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። እሷ ግን ቤቷ ቢቃጠል ብቻዋን መልሳ የምታቆምበት አቅም የላትም። አያ አለምነህ ወንዶቹን አሳምነው በዚያ ዓመት ሊያስወጧት ቆረጡ።

የስብሰባው ዕለት እሳቸው ግቢ ተቀመጥን። የእሳቱን ነገር አንስተው፣ ዘንድሮ አብረሽን አትቀጥይም አሏት። ማንጠግቦሽ አልተቆጣችም።

«እሽ፤ ሸክሜን ይመልሱልኝና ልሂድ» አለች።

የምን ሸክም ቢሉ፣ ለካ እሳቸው ወረታ ገበያ በዋሉበት ቀን ማንንም ሳትጠብቅ አምጥታ ኖሯል። የተረከበቻት ሚስታቸው እናኑ ናት። እሳቸው ሲመለሱ እግድግዳው ሥር ያማረ ሣር አዩ፤ የሌላው ሰው ገና ስላልመጣ እናኑ የገዛችው መሰላቸውና የሚያፈሰውን ቤታቸውን ደፈኑበት። እናኑ ይህን ተናግራ ወደ ጣሪያው አመለከተች። ሁላችንም ቀና ብለን አየን፤ ሳቃችንን መያዝ አልቻልንም።

አያ አለምነህ ራሳቸውም ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ። ቁጡ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም።

«ሣሯን ከራሴ በላይ ከድኜ እሷን ከደጅ አላባርርም» አሉ።

ማንጠግቦሽም ደስ ብሏት፣ ማንም ሳይጠይቃት መተኮሻዋን ወንዝ ዳር አወረደች።

የፈሩት ይደርሳል። በግንቦት እሳት ተነሣ፤ የተነሣው ግን ከአያ አለምነህ ማድቤት ነው። ዋናው ቤታቸውም አብሮ ነደደ። የእድሩን ክምር ሳናነሳ ማንጠግቦሽ ለገዛ ጎጆዋ ያስቀመጠችውን ሰንበሌጥ ተሸክማ ደረሰች።

«ያችኛዋ ሸክሜ ነደደች አሉኝ፤ ይችን ይያዙ» አለቻቸው።

አያ አለምነህ አመዱ ላይ ቆመው ሳቁ። ሸክሙን ከትከሻዋ ራሳቸው አወረዱላት።