የጠገነ ይሳፈር

ባለቤቴ የሄሊኮፕተር መካኒክ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ብሎን» ይለዋል፤ አንዴ ያጠበቀውን ሌላ ሰው አይፈታውም። የቤታችንን የውሃ ቧንቧ እሱ ከዘጋው፣ ከሥራ እስኪመለስ በውሃ ጥም መሞቴ ነው። ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ! ይስቃል እንጂ አይለወጥም።

የምንኖረው በጦር ሰፈሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ ቤቶች ውስጥ ነው። ከእኛ ቀጥሎ አብራሪው ሻለቃ ነበር። በማዕረግ እሱና ባለቤቴ ሰማይና ምድር ቢሆኑም፣ አጥር ላይ ተደግፈው ሲያወጉ ላያቸው መንትያ ይመስሉ ነበር። እኔና ሚስቱም እንደዚያው ነን። ጨው ሲያልቅብኝ በር እንኳ አላንኳኳም፤ ዘው ብዬ ገብቼ እወስዳለሁ።

ሄሊኮፕተሮቹ በሚጠገኑበት ሀንጋር ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚጠብቀው ደንብ አለ፦ የጠገነ ይሳፈር። ሄሊኮፕተሯ ተጠግና ስትነሳ፣ የመጀመሪያውን በረራ መካኒኩ ከአብራሪው ጋር ይበራል። እጁን ያመነ ነፍሱን ያስይዛል ማለት ነው። እኔ ይህን ደንብ ስጠላው! እሱ ግን ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነበር የሚሄደው።

ያን ቀንም ጠግኖ ከሻለቃው ጋር ተሳፈረ። ዞረው ዞረው በሰላም አረፉ። ወረደና የሻለቃውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሻለቃው ከረዳቱ ጋር ለሁለተኛው በረራ ተነሳ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አየር ላይ የጅራቷ ማራገቢያ ቆመ። ማሽኗ እንደ እንዝርት በራሷ ላይ ዞረችና ከሜዳው ማዶ ወደቀች። ሁለቱም አልተረፉም።

ምርመራው ወራት ወሰደ። የተገኘው በጅራቷ ካምቢዮ ውስጥ የተሰነጠቀች አንዲት የማርሽ ጥርስ ናት። ካምቢዮው ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ፣ እዚህ የማይከፈት ነው። ባለቤቴ የሠራው ደግሞ ሌላ ቦታ፣ የሞተሩን የዘይት ቱቦ ነበር። አዛዡ ራሱ ጠርቶ «ጥፋት የለብህም» አለው። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠና፣

«ለምን ወረድኩ?» አለኝ።

«በረራው አልቆ ነዋ!»

«ሁለተኛውንም መሳፈር ነበረብኝ።»

«ምን ልትፈይድ? አብረህ ልትሞት?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የምርመራው ወረቀትስ ለቀቀው፤ እሱ ነው ራሱን አልለቅም ያለው።

ከዚያ ወዲያ መፍቻ አልነካም። ለምኖ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረና መለዋወጫ ያድል ጀመር። የበር እጀታ ሲወልቅ በቢላ የማጠብቀው እኔ ሆንኩ። ቧንቧው ሌት ተቀን ጠብ ጠብ ይላል፤ ያ የሰደብኩት እጅ ናፈቀኝ። የሻለቃውን ሚስት ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይራል። ምን እንደምታስብ እኔም አልጠየቅኳትም፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ጨው መዋስም ተውኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እሷ ናት።

«አንቺ፣ ጨው መብላት ተውሽ እንዴ?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ገባች። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ሊሸሽ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ወንድሜ፣ የሱ መኪና ፍሬን አልይዝ አለች። ልጄን ትምህርት ቤት ላመላልስባት ነው። ሥራልኝ።»

«ከተማ ጥሩ ጋራዥ አለ። እኔ እወስድልሻለሁ።»

«ጋራዥ መኖሩን መች አጣሁት? ሥራልኝ ያልኩት አንተን ነው።»

ክሪክ አስገብቶ መኪናዋን አነሳ፤ ጎማዎቹን ፈታ፤ ያለቀውን የፍሬን ሸራ ሁሉ ለወጠ። ቆይቶ እንደ ድሮው ለብቻው ማልጎምጎም ጀመረ። ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ገጠመው። ምሳው ቀዘቀዘ፤ እኔም ሳልቆጣ መልሼ አሞቅኩት።

«የጠገነ ይሳፈር» አለች መሪው ላይ ተቀምጣ። ተሳፈረ። ሰፈሩን ዞሩ፤ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሲመለሱ ግን አልወርድም አለ።

«እስከ ከተማ አብሬሽ ልሂድ።»

«ውረድ።»

«አንድ ዙር ብቻ ጨምሪልኝ።»

«ውረድ ወንድሜ። ደንቡ አንድ ነው።»

ወረደ። እሷ ልጇን ጠራች። ትንሿ ልጅ ሮጣ መጥታ፣ እሱ የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቷ ቀበቶዋን አሰረችላትና ወደ ባለቤቴ ዞራ፣

«ሁለተኛው ዙር የኔና የልጄ ነው» አለችው። ነድታ ሄደች።

መፍቻውን እንደያዘ መንገድ ዳር ቆመ። ተቀመጥ ብለውም አልሰማኝም። እኔም መለመኑ ሲሰለቸኝ አጠገቡ ቆምኩ። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለናል፤ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። ፀሐዩ አናታችንን ሲያቃጥለን ቆይቶ መኪናዋ በኩርባው ብቅ አለች። እየቀረበች፣ እየቀረበች መጥታ እግሩ ሥር ቀጥ አለች። ልጅቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አይስክሬም በላን!» አለችው።

ያኔ አለቀሰ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ታምቆ የነበረው ሁሉ ወጣ። የሻለቃው ሚስት ወርዳ እጁን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከነቅባቱ፣ ከነቆሻሻው።

ማታ ቧንቧችንን አጠበቀው። ጠዋት ልከፍተው ታገልኩ፣ አቃተኝ። አልሰደብኩትም፤ ባዶ ጀሪካን ይዤ፣ ሳላንኳኳ ወደ ጎረቤቴ ገባሁ።