ውሃህ የት ይወድቃል?

ጋሼ፣ አጎቴ፣ መቱ ከተማ ባለው የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን ፕላን የሚቆጣጠሩ ሰው ነበሩ። ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላቸውን ይዘው በየግቢው እየዞሩ፣ «ውሃህ የት ይወድቃል?» ይላሉ። በደንባችን ጣሪያ ከጎረቤት አጥር ሁለት እርምጃ መራቅ አለበት።

ታመው ሲተኙ ሳሎኔን እስከ አጥሩ ገፋሁት። ሲጠይቁኝ፣ «እዚያው ግቢዬ ውስጥ ነው የሚወድቀው» አልኳቸው። አምነውኝ ሞቱ።

አሁን የሚጠይቀኝ የለም፤ ደመና ሲጠቁር ግን ዓይኔ ወደ አጥሩ ይሄዳል። ትናንት ከሰዓት ሲዘንብ ጃንጥላቸውን ይዤ ወጣሁ። የጣሪያዬ ውሃ የአሮጊት ጎረቤቴን የእትዬን የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ እየበላው ነው። እትዬ ኮቴዬን ሰምተው ከውስጥ፣ «ተመስገን ጌታዬ፣ በጋሼ እግር ሰው ተተካ እንዴ?» አሉ።

ድምፃቸው የመጣው ግድግዳው ሥር ካለው አልጋቸው ነበር።