ስድስተኛዋ ቲማቲም

ዶሪን ሰግደን በሃግቶርፕ መንደር ቤተ ክርስቲያን ምንባብ ማንበብ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስትሠራ፣ በሁለት መቶ ሕፃናት ጫጫታ ላይ መጮህ ስለለመደች ማይክራፎን አይደረግላትም። መጨረሻው አግዳሚ ላይ ማንቀላፋት የለመዱት እንኳ የእሷ ተራ ሲደርስ ወደው ሳይሆን በግዳቸው ይነቃሉ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ጠዋት ምድጃ ውስጥ የጨመረችው ሥጋ እስኪበስል፣ በዕለቱ ምንባብ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በደብተሯ ትጽፋለች። አንድ ብቻ። «ሁለት ከጻፍኩ ስብከት ሆነ ማለት ነው» ትላለች። ገና ሊደርስ አራት እሑድ ሲቀረው፣ ነቅታችሁ ጠብቁ የሚለው ሲነበብ፣ «ነቅቻለሁ፤ ጉልበቴ መች ያስተኛኛል» ብላ ጽፋለች። በዐቢይ ጾም፣ የጠፋው ልጅ ሲመለስ፣ «አባትየው ደግ ነው፤ የሰባው ጥጃ ግን ምን አጠፋ?» በበጋው፣ ማርያም ከጌታ እግር ሥር ቁጭ ብላ ማርታ ጉድ ጉድ ስትል፣ እርሳሱን ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭናው፦ «ታዲያ ድንቹን ማን ይላጠው?»

የጰራቅሊጦስ እሑድማ የታወቀ ነው። የጳርቴ ሰው፣ የሜድ ሰው፣ የኢላሜጤ ሰው እየተባለ ያ ሁሉ ስም የሚጠራበት ምንባብ ሲቃረብ የመንደሩ አንባቢዎች በሙሉ ጉንፋን ይይዛቸዋል። ዶሪን ግን ሳምንቱን ሙሉ ለዶሮዎቿ እያነበበች ትለማመዳለች፤ ዶሮዎቹም ከሰዉ የተሻለ ያዳምጣሉ።

ምንባቦቹ በሦስት ዓመት አንዴ ዞረው ይመጣሉ። ስለዚህ በዚህ ነሐሴ ምን እንደሚጠብቃት ለማወቅ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ደብተር መግለጥ ብቻ በቂዋ ነበር። ገለጠችው። ዮሴፍ እያለቀሰ ለወንድሞቹ ማንነቱን የሚገልጥበት ቀን ነው። ከሥሩ የጻፈችው ግን ስለ ዮሴፍ አልነበረም። «ክላይቭ ዛሬ አልመጣም» ይላል።

ክላይቭ ታላቅ ወንድሟ ነው። የዚያን እሑድ ዋዜማ የመንደሩ የአትክልት ውድድር ነበር፤ ዶሪን ደግሞ ዳኛ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ አምስት ቲማቲም፣ ከነአረንጓዴ አናቱ፣ በአንድ ሳህን፣ የባለቤቱ ስም ያለበት ወረቀት ተደፍቶ። አንደኛው ሳህን ላይ የነበሩት ቲማቲሞች ከሁሉም ያማሩ ነበሩ፤ ግን ስድስት ናቸው። ስሙን ሳትገልጥ የማን እንደሆኑ አውቃለች፤ በዮርክሽር ሙሉ እንደዚያ የሚያበቅል ሌላ ሰው የለም። ያም ሆኖ ካርድ አውጥታ «እንደ ደንቡ አይደለም» ብላ ጻፈችና ሳህኑ ላይ አኖረች። አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው ክላይቭ በሰው ፊት ከውድድር ወጣ።

«አንዷን ብትበያት ምን ነበረበት?» አላት፣ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ።

«ዳኛ የተወዳዳሪን ቲማቲም አይበላም።»

«እህት ግን ትበላለች!» አለና ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመለስም በወዲያኛው በኩል አራተኛው አግዳሚ ላይ እየተቀመጠ፣ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሻይ ሳይቀርብ ይወጣል። አሁን ደግሞ ጉልበቱ ከድቶት ቤቱን ለቆ ካርዲፍ ወዳለችው ልጁ ዘንድ ሐሙስ ሊሄድ ነው። ዶሪን ይህን የሰማችው ከሥጋ ሻጩ ነው፤ ከሥጋ ሻጭ መስማቷ አንጀቷን አቃጠላት።

የዮሴፍን ታሪክ በእሱ ፊት እንደማትጨርሰው ታውቃለች። ማልቀስ ደግሞ አትወድም። ስለዚህ በተራ አብሯት ለሚያነበው ለኖርማን ደወለች።

«ኖርማን፣ የፊታችንን እሑድ ያዝልኝ። እኔ በምላሹ ጰራቅሊጦስን እይዝልሃለሁ።»

«ጰራቅሊጦስን? ዶሪን፣ ሐኪም አይቶሻል?»

«አትቀልድብኝ። ትይዛለህ አትይዝም?»

«ምንባቡን አይቼዋለሁ እኮ የኔ እመቤት። ጰራቅሊጦስን አሥር ጊዜ ብትይዢልኝም እዚህ ውስጥ አልገባም» አለና ዘጋባት።

ያን ጊዜ ነው ሰይጣን ሹክ ያላት። የምንባቡ መጽሐፍ ላይ ለአንዱ እሑድ የሦስቱም ዓመት ምንባብ ተከታትሎ ነው የሚገኘው። የገጽ ምልክቱን ክር ሁለት ገጽ ወደፊት ብታሳልፈው የሦስተኛው ዓመት ይመጣል፤ ኢሳይያስ፣ ስለ ወይን ቦታ። አዲስ አንባቢ ሁሉ ይሳሳተዋል። ዶሪን በሃያ ሁለት ዓመት ተሳስታ ባታውቅም፣ ሰው ነችና አንድ ቀን ብትሳሳት ማን ይፈርድባታል?

እሑድ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ክሩን አሳለፈችው። ተራዋ ሲደርስ አትሮንሱ ጋ ቆማ፣ አራተኛውን አግዳሚ ላለማየት ዓይኗን መጽሐፉ ላይ ተክላ፣ በዚያ በተለመደው ድምጿ ጀመረች። ሰው ሁሉ በእጁ በያዘው የዕለቱ ወረቀት ላይ ዮሴፍን እያየ ኢሳይያስን ሰማ። አንድም የተነፈሰ የለም፤ ሃግቶርፕ ውስጥ ጣሪያው ቢወድቅ እንኳ ሰዉ ምንባቡ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

መሃል ስትደርስ ነው የሠራችው ሥራ የገባት። የወይኑ ባለቤት ቆፍሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ ደክሞ ደክሞ፣ በመጨረሻ ያፈራለት የማይረባ ፍሬ ነው። ይህን ረስታው ነበር። ጉባኤው ግን አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ መንደሩ ዋና አትክልተኛ አዞረ። ዶሪን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሐሙስ የሚሄደውን ወንድሟን፣ በመጨረሻው እሑዱ፣ ከአትሮንስ ላይ ሆና የሰደበችው መሰለ። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክራፎን የሚያስፈልገው ሆነ።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቷ ቄስ ፊሊፓ እጇን ጨብጠው «ግሩም ምንባብ ነበር» አሏት። ይህ በቄሷ ቋንቋ ጉድ አደረግሽን ማለት ነው። ዶሪን ሻይዋን ይዛ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደችና ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ተቀመጠች። ክላይቭ ወጥቶ ሄዷል ብላ ደመደመች። ለዛሬዋ እሑድ በደብተሯ የምትጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይገኝላትም።

አንድ እጅ ከኋላዋ መጥቶ ከሻይዋ አጠገብ ካርድ አኖረ። ጠርዙ የተበላ፣ ወይቦ ቢጫ የሆነ ነው። «እንደ ደንቡ አይደለም» ይላል፤ ጽሑፉ የራሷ ነው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች» አለ ክላይቭ። «ዛሬ ሥራ አገኘች።»

«ይገባኛል» አለች ዶሪን። ቀና ብላ አላየችውም። «አንተን ማለቴ አልነበረም ክላይቭ። ያኛውን ማንበብ አቅቶኝ ነው።»

«አውቃለሁ። በልጅነትሽም ውሻ ከፈራሽ አጥር ዘለሽ ኮርማ ወዳለበት ነበር የምትገቢው።» ከክንዱ ሥር የወረቀት ከረጢት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ቲማቲም። ቀያይ፣ ከነአረንጓዴ አናታቸው። «ዮሴፍን ስትጨርሺ ልሰጥሽ ነበር ያመጣሁት። አበላሸሽብኝ።»

ዶሪን ሳታስበው ቆጠረች። የዳኛ ዓይን አይተኛም። ስድስት ናቸው።

አንዷን አነሳችና ነከሰች። ጭማቂው በእሑድ ሸሚዟ ላይ ወረደ፤ እንባዋም ተከተለው፤ ሁለቱንም አልጠረገችም። አረንጓዴ አናቷ ብቻ እስኪቀር ድረስ በላቻት። ክላይቭ የቀሩትን በጣቱ ቆጠረ።

«አምስት» አለ። «አሁን እንደ ደንቡ ነው።»

ዶሪን ባዶውን ወንበር በእግሯ ወደ ራሷ ሳበችለት።

«ቀረብ በል» አለችው። «ምድጃ ውስጥ ሥጋ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው እየበዛብኝ ነው።»