ጫፉ ያልተቆረጠ ጨርቅ

ተፈቀደላት! እዚህ ቶሮንቶ፣ በዌስተን ሰፈር የቅዳሜ የእጅ ሥራ ገበያ ቦታ ተሰጣት፤ ያውም ከመግቢያው በር ፊት ለፊት። ማን ናት ለምትሉ፣ ሳቱርኒና ናት። ከፔሩ ተራሮች የመጣች ሸማኔ፣ የወዳጄ የየኔነሽ የሰባተኛ ፎቅ ጎረቤት።

ሁለቱ የተዋወቁት ታች ላውንድሪ ክፍል ነው። ሳቱርኒና ድራየሩ እስኪጨርስ አልፓካ የሚሉትን የአገሯን እንስሳ ፀጉር በእንዝርት ትፈትላለች። መንዝ ተወልዳ የበግ ፀጉር ስትፈትል ያደገችው የኔነሽ ክሩን ዳሰሰችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ማመስገን አይሆንላትም፤ ቁጭ ካለች ወዳለች ማለት ነው።

ሳቱርኒና ሽመና የጀመረችው በስምንት ዓመቷ፣ ከአክስቷ ጋር ነው። በአገሯ የእሑድ ገበያ ገዢዋ ሴት መጀመሪያ ቀለሙን አታይም፤ ጨርቁን ገልብጣ ጠርዙን ትፈትሻለች። ደህና ሸማኔ ድሩን ቆርጣ አታወርድም፤ አራቱንም ጠርዝ እዚያው መሸመኛው ላይ ዘግታ ታወጣዋለች። ቶሮንቶም መጥታ ቀን የሆቴል አንሶላ እያጠፈች፣ በተረፋት ሰዓት አሥራ አንድ ጨርቅ ሠርታለች። ሱቆቹ የራሳችንን ላቤል ካልለጠፍንበት አንወስድም አሏት። በራሷ ስም ለመሸጥ የቀራት ይህ ገበያ ብቻ ነበር።

አፕላይ አደረገች። ሊዮ መለሳት።

ሊዮ ለገበያው ሥራ የሚመርጠው ዳኛ ነው። ዳኝነቱን ከየት እንዳገኘው የሚያውቅ የለም፤ የኔነሽ እንደምትለው ከአንገት ልብሱ ነው፣ በጁላይ ሙቀት እንኳ አያወልቀውም። ሱፍን ከናይለን የሚለየው ላቤል አንብቦ ነው። ይህ ሊቅ የሳቱርኒናን ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ጠርዙ ከመጠን በላይ ቀጥ ስላለ የማሽን ነው ብሎ ፈረደ። የእጅ ሥራ ዘርፍ አለው፣ ክሩ ይንጠለጠላል አለ። ለናሙና ያሳያት አንድ ነጋዴ በካርቶን አስመጥቶ ጫፉን በመቀስ የቀደደውንና በማበጠሪያ ያበጠረውን ፖንቾ የሚሉት በአንገት የሚጠለቅ ካባ ነው። እሱን ተቀብለውታል።

የኔነሽ በንዴት መቀስ ይዛ መጣች። ለዚህ ደንቆሮ ብለሽ ምን አደከመሽ፣ ጫፉን ቁረጪለትና ግቢ አለቻት። ሳቱርኒና መቀሱን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

"ሦስት ወር ለፍቼ የዘጋሁትን ለእሱ ብዬ አልከፍተውም" አለች። "መጥቶ ሲዘጋ ይይ።"

ይግባኝ አሉ። ባለፈው ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ሳቱርኒና ሊያልቅ የተቃረበ ጠባብ ጨርቅ ዘርግታ፣ አንዱን ጫፍ በቀበቶ ወገቧ ላይ አሰረች። ሌላውን ጫፍ የምታስርበት ምሰሶ አዳራሹ ውስጥ የለም። የኔነሽ ያ ጫፍ በሲባጎ የታሰረበትን ዱላ ለሊዮ አስጨበጠችው።

"ወጥረህ ያዝ፣ የኔ ጌታ። ካላላኸው ይበላሻል።"

የቀረው የአንድ ጣት ክፍተት ነበር። ሳቱርኒና ማጉን በመርፌ፣ አንዱን ድር እያነሳች ሌላውን እየተወች ታስገባለች። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሊዮ አፍንጫውን ቢበላው የኔነሽ "ኧረ ባክህ፣ አትነቃነቅ" አለችው። አንገት ልብሱ ሥር ላቡ ሲወርድ እያየች ሆዷ ቅቤ ጠጣ። በመጨረሻ ሲባጎው ተፈታ፣ ዱላው ወጣ፣ ጨርቁ አራቱም ጠርዙ ተዘግቶ ሊዮ ጉልበት ላይ አረፈ። ሰብሳቢዋ አንስታ ገለበጠችውና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ከዚያ ሊዮን ሳትጠይቅ ፎርሙ ላይ ፈረመች።

ሊዮስ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"እኔም መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር።"

ይህችን ወሬ ኢስት ዮርክ ያለችው እህቴ መቅደስ ገና አልሰማችም። በስልክ አትሆንም፤ የሊዮን የዱላ አያያዝ በአካል ማሳየት አለብኝ። አውቶቡሱ መጣ፣ ልሩጥ።