ጉዮ ያለ ኢኮ

ከነገሌ ወደ ናይሮቢ በወጣሁበት ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። አዮ፣ እናቴ፣ በሻማ ብርሃን የወንድሜን የጉዮን ማይክ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና “ድምፁን በደንብ አሠርተህ ላክልኝ፣ ለመታሰቢያው ይድረስ” አለችኝ። ጉዮ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ነበር። ታሞ ተኝቶ ሳለ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አንድ መዝሙር በስልኩ ቀዳ። ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ከእሱ የቀረን ደህና ቅጂ ይሄ ብቻ ነው፤ ወደ ስልኬ ገልብጬ ያዝኩት።

ሌሎቹን የኳየሩ መሪ ጋሽ ታምራት አበላሽቷቸዋል። ለእሱ ኢኮ የሌለው ድምፅ ራቁቱን እንደቆመ ሰው ነው። ሲቀዳም ከነኢኮው ነው፤ ጉዮ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ድረሱልኝ የሚል ይመስላል። የነገሌ፣ የወደራ፣ የሞያሌ መዝሙር ቀጂዎች፣ እንደማትሰሙኝ ባውቅም ልንገራችሁ። ስትቀዱ ኢኮውን አጥፉት። በኋላ መጨመር ይቻላል፤ አብሮ ከተቀዳ ግን ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ነው፣ ማንም አያወጣውም። የድምፅ መለኪያው ቀይ ሲያበራም ደስ አይበላችሁ። ቀይ ማለት ድምፁ ተሰነጠቀ ማለት ነው እንጂ ጸጋ በዛ ማለት አይደለም።

ሞያሌ ኬላ ላይ ፖሊሱ ፎጣውን ፈታው።

“ጋዜጠኛ ነህ?”

“አይደለሁም።”

“ታዲያ ማይኩ የማን ነው?”

“የወንድሜ ነው። ሞቷል።”

“ሙት ማይክ ምን ያደርግለታል?” አለና ሳቀ። ጓደኛውም ሳቀ። ድንበር የሚጠብቁልን እነዚህ ናቸው።

ናይሮቢ፣ ኢስሊ በሚሉት ሰፈር ክፍል ተከራየሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤም በርበሬም ያላየ ገንፎ ነው። እኛ ጋ ሰው ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቅ አይተላለፍም፤ እዚህ ጎረቤቴ ቁልፉን እያየ ያልፈኛል።

ኮምፒውተር ስላልነበረኝ የጉዮን መዝሙር ወደ ሳሚ ስቱዲዮ ወሰድኩት። ሳሚ ከእኔ ቀድሞ የመጣ ያገራችን ልጅ ነው፤ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደርጋል።

“ትንፋሹን በሙሉ ቆረጥኩልህ፣ ብሮ። አሁን ፕሮፌሽናል ሆነ” አለኝ።

“የታመመ ሰው እኮ ነው። ሳይተነፍስ እንዴት ይዘምራል?”

“አሁን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው። ዜማውን ያቃናሁበትን ኦቶቱን ሰማኸው?”

ሰማሁት። ጉዮ ዝቅ ብሎ ገብቶ ቀስ እያለ ወደ ዜማው የሚወጣባት ቦታ ነበረች፤ በማስመሪያ እንደተሰመረ አቅንቷታል። ኢኮ ደግሞ አፍስሶበታል።

“ለጋሽ ታምራት በቴሌግራም ልኬለታለሁ። ወዶታል” አለኝ ሳሚ። መውደዱ አይገርምም።

ደግነቱ ዋናው ቅጂ እኔ ጋ ነበር። እናንተም ዋናውን ሳትነኩ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ለመነጽራም ሁሉ ቅጂውን እንጂ ዋናውን አትስጡ።

ከዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁና ራሴ ጀመርኩት። ከሥሩ ክራር ልጨምርበት ፈለግሁ። ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ፍራሼንና ብርድ ልብሴን ሰቀልኩ፤ ስቱዲዮ ማለት እሱ ነው፣ ሌላው ጉራ ነው። የቤቱ ባለቤት የማርሳቢት ቦረና ናቸው፣ በኦሮምኛ ነው የምንግባባው። በሩን ከፍተው አዩኝ።

“አካም፣ ልጄ። ቆመህ ልትተኛ ነው?”

“አይ አባባ፣ ድምፅ እንዳይረብሸኝ ነው።”

“ጎረቤቶችህ ሰው እየደበደበ ነው ይላሉ።”

“ክራር እየተለማመድኩ ነው።”

“እኔም ሰምቼዋለሁ። ብትደበድብ ይሻል ነበር።”

በዚያው ክራር ጨረስኩት። ከድምፁ ላይ ከታች የሚያጉረመርመውን የጄኔሬተር ጩኸት ብቻ ቀነስኩ። ትንፋሹን ትንሽ ዝቅ አደረግሁት እንጂ አልቆረጥኩትም። ትንፋሽ አይቆረጥም። ከዚያ ደወልኩ።

“አዮ፣ ጨረስኩት።”

“ጋሽ ታምራት እኮ ትናንት በመታሰቢያው ላይ በትልቁ ስፒከር አሰማን” አለች። “ሰው ሁሉ አለቀሰ። እንዴት ያምራል አሉ።”

“እሱ የሳሚ ሥራ ነው። ጉዮን ይመስላል?”

“ሰው ወዶታል።”

“አንቺስ?”

 

“እኔማ የሚተነፍስበትን ስጠብቅ መዝሙሩ አለቀብኝ” አለች።

የእኔን ወዲያው ላክሁላት። ድምፁ እንዳይጎዳ ፋይሉን ሳልጨምቀው ስለላክሁት ከባድ ነው፤ የነገሌ ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እስካሁን አልደረሳትም።